የሙሴ ብሩኖን ጥቅል ለማስረከብ

ከሁሉ አስቀድሜ ፈሪ ሰው መሆኔን ልናገር። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አውስትራሊያን በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሣልኳት አላውቅም፤ ራሴ ግን ከደብረ ብርሃን አልፌ አድሬ አላውቅም ነበር። ውሻ ሲጮህ መንገድ እቀይራለሁ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሳልከፍተው አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ስለዚህ “ሜልቦርን ምን አየህ?” እያላችሁ በመምህራን ክፍል የምታዋክቡኝም ሆናችሁ፣ ያንን አገር በካርታ ብቻ የምታውቁት ሁሉ፣ ስለ ከተማው ውበት ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ በአብዛኛው ያየሁት ፍርሃቴን ነው።

የሄድኩበት ምክንያት አንድ ጥቅል ነው። አባቴ ገብሬ በጣሊያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ ሙሴ ብሩኖ ከሚባል ጣሊያናዊ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ሰዓት ይጠርግ ነበር። እንግሊዞች ገብተው ጣሊያኖቹን ሰብስበው ከአገር ሊያስወጧቸው ሲሉ፣ ሙሴ ብሩኖ የገበታ ያህል ስፋት ያለው ሰሌዳ በአቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ዙሪያውን ሰም በነካ ጥቁር ክር ሰፍቶ ለአባቴ ሰጠው። “ማዶና ናት፤ የጥንት ሥዕል ናት፤ ካገሬ ነው ያመጣኋት። እስክመለስ አደራ” አለው። ሄደ፤ አልተመለሰም።

በእኛ ቤት የተሰፋ አደራ አይፈታም። አባቴ “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” እያለ እስኪሞት አልፈታውም፤ እኔም ከእሱ ተረክቤ አልፈታሁትም። ማርያም ከእኛ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ስትኖር ፊቷን ያየ ሰው የለም። አባቴ ሰፋ ያለ ቤት ተገኝቶለት “ሰውየው ቢመጣ የት ብሎ ያገኘናል?” ብሎ እምቢ ማለቱንም አስታውሳለሁ።

እኔ ግን የአባቴ ጉልበት የለኝም። ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ታናሽ እኅቴ ፀዳለ ባሏን ተከትላ ወደ ሜልቦርን ሄደች። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን የቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። “ይህን ቅርስ ከየት አመጣኸው?” ብለው እንዳያስሩኝ ፈርቼ፣ ጥቅሉን በጋቢ አፍኜ በሻንጣዋ ሥር ከተትኩት። አደራን ለሌላ ማሻገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። አሻግሬ እፎይ አልኩ፤ እፎይታዬም ያሳፍረኝ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ የድሮውን የሰዓት ሱቅ የያዘው ሰው በአባቴ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ላኪዋ ካርላ ትባላለች፤ የሙሴ ብሩኖ ልጅ ናት። አባቷ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተሰዶ እዚያው አርጅቷል፤ ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፤ እንቅልፍ ሲወስደው “የአዲስ አበባዋ ማዶና” እና “ገብሬ” እያለ ይቃዣል። ሥዕሏ ካለች እባካችሁ አሳውቁን ትላለች። ከታች አድራሻዋን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኬንሲንግተን፣ ሜልቦርን። ጥቅሉና ባለቤቱ ስድስት ዓመት በአንድ ከተማ ሲኖሩ አልተዋወቁም!

ለፀዳለ ደወልኩ። “ጥቅሉ አለ?” ብላት ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ቆይታ “አባባ ለአንተ ነው የሰጠህ ጋሼ። መጥተህ አንተው አስረክብ” አለችኝ። አለ አላለችም፤ የለም አላለችም። ካርላ ትኬት ላከችልኝ፤ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ፣ ተነሣሁ።

ሐሙስና ዓርብ

ከቦሌ ስንነሣ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ደገምኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ “ጋሼ፣ ገና መሬት ላይ ነን” ሲለኝ ደግሜ ጀመርኩ። ቦምቤይ ላይ ወርደን ሌላ አውሮፕላን ያዝን፤ ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ሌላ። በየመሸጋገሪያው የማያቸው ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ሁሉ ስለ ጥቅሉ የሚያውቁ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ችግር የገጠመኝ በጾሙ ነው። ዓርብ ሲሆን የቀረበልኝን ዶሮ መልሼ ዳቦና ሰላጣ ቀማመስኩ። ወደ ምሥራቅ ስንበር ግን ሰዓቱ እየሸሸ ሄደ። የአዲስ አበባው ዓርብ ገና ከቀትር ሳያልፍ ከታች ባለው አገር መሽቷል። ሃያ ሁለት ዓመት የጊዜ ክልል ያስተማርኩ ሰው በሶፍት ላይ ብደምር ብቀንስ ጾሜ መቼ እንደሚፈታ ማወቅ አቃተኝ። አስተናጋጇ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት ሙዝ ከየት እንደሆነ አምጥታ በሶፍት ሸፍና ሰጠችኝ። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ

ሜልቦርን ስንደርስ ጧት ነበር፤ ብርዱ የሐምሌ ብርድ ቢሆንም የእኛን ሐምሌ አይመስልም። የእኛው ጭቃና ዝናብ አለው፤ የነሱ ደረቅ ሆኖ ጆሮ ይቆነጥጣል። በፍተሻው በኩል ቆሜ ወረፋዬ ሲደርስ ሰውየው “ከእንጨት የተሠራ ነገር ይዘሃል?” አለኝ። ክው አልኩ። ከስድስት ዓመት በፊት ያሻገርነውን ሰሌዳ መዝገብ ገልጦ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። “የለኝም” ማለት ሲገባኝ “እኔ አይደለሁም” አልኩት።

ይህን ያለ ሰው ሻንጣው ሳይፈተሽ አያልፍም። በርበሬውን አሽትቶ ሁለት ጊዜ አነጠሰና አሳለፈው። ለፀዳለ የያዝኩላትን ጌሾ ግን በጓንት አንሥቶ “ቅጠል አይገባም” ብሎ ጣለብኝ። በዚያ ብርድ ግንባሬ ላይ ላብ ሲያይ መሐረብ አቀበለኝና “ደኅና ነህ?” አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ወደኋላ ሳላይ ወደ መውጫው ተጣደፍኩ።

የፀዳለ ባል ታክሲ ይነዳል። በራሱ ታክሲ ሴንት አልባንስ ወዳለው ቤታቸው ወሰደንና “ሽፍት አለኝ” ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። እኅቴ ወፍራለች፤ ሳቋ ያው ነው። ስለ ጌሾው አዝኜ ነገርኳት። ሳቋን አቆመች።

“ጌሾ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ጠላ መጥመቅ ትቻለሁ።”

“ለምን?”

“ጌታን ተቀብያለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። በስልክ ልነግርህ ብዬ...” አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ያየሁት። እናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ከገብርኤል እስከ ተክለ ሃይማኖት ቦታ ያጣ ቅዱስ አልነበረም። የፀዳለ ግድግዳ ላይ ሰዓትና ጥቅስ ያለበት ካላንደር ብቻ አለ። ሥዕል የማይወድ ቤት ውስጥ የእኛ ማርያም ምን ሆና ይሆን? አልጠየቅኳትም፤ መልሷን ፈራሁ። እሷም አልነገረችኝም። በሩዝ ዱቄት የጋገረችውን እንጀራ በዶሮ አቀረበችልኝ፤ እየደጋገመች አጎረሰችኝ፤ እኔም ባዶውን ግድግዳ እያየሁ ዋጥኩ።

ወደ ሱቅ ብቅ ስትል የአስተማሪ ክብሬን ጥዬ ቤቷን በረበርኩ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፍሪጅ ኋላ። የአምስት ዓመት ልጇ ሩት በሩ ላይ ቆማ “አንክል፣ ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር?” አለችኝ።

“ካልሲዬን” አልኳት። ዝቅ ብላ እግሬ ላይ ያለውን ካልሲ አየችና ሄደች። ጥቅሉ ቤቱ ውስጥ የለም።

እሑድ

ጧት ከእነሱ ጋር ለአምልኮ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ለእሑድ ብቻ የሚከራዩት የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ጫማ አይወለቅም፤ ወንድና ሴት ተደባልቆ ይቀመጣል፤ ይዘመራል፣ ይለቀሳል። ከዳር ተቀምጬ በሆዴ እያማተብኩ ቆየሁ። ደግነታቸውን ግን ልመስክር። ካፖርት የሌለኝ መሆኑን ያየ አንድ ሰውዬ የራሱን አውልቆ አለበሰኝ። “እስክትሄድ ያንተ ነው ወንድሜ፤ እኔ መኪና ውስጥ ሂተር አለኝ” አለ።

ካፖርቱ ስላሞቀኝ ደፈርኩና “ከአገር ሥዕል ይዛችሁ የመጣችሁ ሰዎች ምን ታደርጉታላችሁ?” አልኩት።

“ሁሉም እንደ እምነቱ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እኔ እናቴ የሰጠችኝን አቃጠልኩት። ቀላል አልነበረም። ለምን ጠየቅከኝ?”

“እንዲያው ነው” አልኩት። የሰጠኝን ካፖርት እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ቤት ደርሰን ምሳ ከበላን በኋላ አላስቻለኝም። “አቃጠልሽው?” አልኳት።

ፀዳለ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። “ምን ቆርጦኝ!” አለች። “አላቃጠልኩትም። ግን ቤቴ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ከእምነቴና ከአባባ ቃል መሃል ገብቼ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ። ኖርዝ ሜልቦርን እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የደሴ ሴት አሉ፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አብረን ሠርተናል። ለእሳቸው አደራ ሰጠኋቸው።”

“ማርያምን ለእስላም ሰጠሽ?” አልኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

“ስማኝማ ጋሼ። ለኦርቶዶክስ ብሰጥ ሊሳለመው ይፈታዋል። ለእኛ ሰው ብሰጥ ሊጥለው ይፈታዋል። የማይፈታው ሰው ፈልጌ ፈልጌ እሳቸውን አገኘሁ።”

ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ ማጠብ ጀመርኩ።

ሰኞ

በባቡር ሄድን። እዚያ አገር ባቡሩ ደቂቃ ቆጥሮ ይመጣል፤ ሰው አይጋፋም፣ አይነጋገርም፤ ሁሉም ጋዜጣውን ዘርግቶ ቀብር የሚሄድ ይመስላል። የእኛ አውቶቡስ ቢሆን ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሳልደርስ ስለ ጥቅሉ ሦስት ሰው ምክር በሰጠኝ ነበር። ያን ቀን ያ ግርግር ናፈቀኝ።

እትዬ ዘይነባ የሚኖሩት መንግሥት ለድሆች ከሠራው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በአንዱ፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት ገባን። ዘጠኝ የሚል ቁጥር ካለፈ በኋላ ጓ ብሎ ቆመ፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጢጥ አልኩ። ፀዳለ “ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርገው” ብላ ቁልፉን በቡጢ ብትመታው ተነሣ። አሥራ አራተኛው ላይ በሩ ሲከፈት በአራት እግሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

እትዬ ዘይነባ አጭር፣ ሽበታቸው ከሻሻቸው ሥር የሚታይ፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን ሴት ናቸው። ፊቴን አይተው “ሊፍቱ ነው አይደል? አብሽሩ፣ አብሽሩ፤ ግቡማ” አሉ። ሻይ በቅርንፉድና ትኩስ ሳንቡሳ አቀረቡ። የመጣሁበትን ልናገር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። “አንቱ መጀመሪያ ቅመሱ። የፈራ ሰው በባዶ ሆዱ አደራ አይረከብም።” ሦስት ሳንቡሳ በላሁ። ቤት ከወጣሁ ጀምሮ በወጉ ጉሮሮዬ የወረደው የመጀመሪያው ምግብ ነው።

ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከቁም ሣጥኑ አናት ጥቅሉን አወረዱ። በንጹሕ አንሶላ ሸፍነውታል። “ከመስኮቱ አራቅሁት፣ ፀሐይ እንዳይነካው። ከማሞቂያውም አራቅሁት። ምን እንዳለው ወላሂ አላውቅም፣ ማወቅም አልሻ። የሰው ዕቃ ነው።”

አንሶላውን ገለጥኩት። አቡጀዲው ያው የማውቀው ነው፤ ቢጫ ሆኗል። ስፌቱ ግን አይደለም። አባቴ በጣቱ እየዳሰሰ ያሳየኝ ጥቁር በሰም የታሸ ክር የለም፤ በቦታው ነጭ ናይሎን አለ።

“ተፈትቷል!” አልኩ። እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ። “እኔ ቤት እንዲህ ሆኖ ነው የመጣ! በጌታዬ ይሁንብኝ!”

“እሳቸው አይደሉም” አለች ፀዳለ። “ያኔ ስመጣ አየር ማረፊያው ላይ ሰውየው እንጨት ነው ብሎ ቆረጠው። እዚህ አገር ነቀዝ ይፈራሉ። ከፍቶ አየው፤ አገላበጠው፤ ወደ ውስጥ ክፍል ወስዶም መለሰው። በኋላ ያገኘሁት ክር ናይሎን ስለነበር በዚያው ሰፋሁት። በስልክ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።”

“ታዲያ አይተሽዋላ! ማርያም ናት? ደኅና ናት?”

ራሷን ደፋች። “አላየሁም። አደራ አይደለም እንዴ? ሲከፍተው ዓይኔን ጨፈንኩ። ስሰፋውም በጨርቁ ሸፋፍኜ ነው።”

“ያን ሁሉ ጊዜ ዓይንሽን ጨፍነሽ?”

“እስኪጨርስ። ሰውየው ‘አመመሽ ወይ?’ አለኝ።”

እንግዲህ ፍረዱ። ዓለም ላይ ከአባታችን ልጆች ሌላ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ማን አለ? ሰውየው ወደ ውስጥ ወስዶ የመለሰው ያንኑ ሰሌዳ ይሁን ሌላ፣ ነቀዝ ቀድሞ በልቶት ይሁን፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ምንም ያልነበረበት ጣውላ ይሁን፣ ከእኛ መሃል የሚያውቅ የለም። ነገ ባለቤቱ ፊት ተፈትቶ ባዶ ቢገኝ፣ “ገብሬ በላኝ” ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል? አባቴ ከስሙ በቀር የተወው ነገር የለም። እሱም በእኔ እጅ ሊጠፋ ነው።

እትዬ ዘይነባ መቀስ አንሥተው “ይፈታና ይታይ፤ ቢያንስ ዐውቃችሁ ትሄዳላችሁ” አሉ። ልቤ ሸፈተ፤ እጄም ወደ መቀሱ ሄዶ ነበር። “አይሆንም” አልኩ በመጨረሻ፣ “ባለቤቱ ፊት ይፈታል።” ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡን ማየት ፈርቼ ነው።

ሴትየዋ መቀሱን አስቀመጡ። “እንግዲያስ እኔም እመጣለሁ። አደራ ያለ ምስክር አይመለስም።”

ማክሰኞ

ከኖርዝ ሜልቦርን ኬንሲንግተን በባቡር አንድ ፌርማታ ነው። ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፌ በሁለቱ ሴቶች መሃል ተቀመጥኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚነጥቀኝ ሰው እጠብቅ ነበር።

ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ የተጋራ ጠባብ ቤት ነው፤ ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ አለ። ካርላ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ካፖርቴን ተቀብላ ሾርባ ካልጠጣችሁ ብላ ግድ አለችን። አንዲት ማንኪያ ሳልቀምስ ጥቅሉን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። አባቷ ጓዳ ተኝቶ ነበርና እስኪነቃ ወረቀት የሞላበት ማኅደር ገልጣ ስለ ሥዕሉ ታሪክ በእንግሊዝኛ አጫወተችን። አባቷ በእንቅልፉ ከሚናገረው ተነሥታ ወደ ትውልድ መንደሩ ቄስ ጽፋ ነበር።

ሥዕሉ የተሠራው ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በሲየና ከተማ አጠገብ ላለች የመንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ የመሬት ጌታ ለግል ጸሎት ቤቱ ወሰደው። ልጅ ልጆቹ ሲደኸዩ ለአንድ የሱፍ ነጋዴ ሸጡት። የነጋዴው ሚስት ልጇ ከሞት ሲተርፍላት ተስላ ነበርና ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መለሰችው። ሁሉም በመዝገብ አለ፤ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ። “ከዚያ አባቴ ወደ አፍሪካ በዘመተበት ዓመት መዝገቡ ይቆማል” አለች። “መቼም ቄሱ ሸጦለት መሆን አለበት። ወረቀቱ ነው የጠፋው።”

በዚህ መሃል ሙሴ ብሩኖ ነቃ። ክንዱን ደግፋ አመጣችውና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው። እጆቹ ብቻ ትልልቅ የቀሩ፣ የተጨማደደ ሽማግሌ ነው። የገብሬ ልጅ መጣ ስትለው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም። ይደሰታል ብዬ የጠበቅኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

እትዬ ዘይነባ መቀሱን ይዘው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። “ቢስሚላህ” ብለው የመጀመሪያውን ስፌት ቆረጡ። ፀዳለ በልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ልጨፍን ፈልጌ አቃተኝ። ጨርቁ ሲላቀቅ የነቀዝ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ “አለቀልን” አልኩ። እትዬ ዘይነባ ሌላውን እጥፋት ገለጡት።

ወርቅ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ጠርዙን ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል፤ መሃሉ ግን እንዳለ ነው። ማርያም ልጇን ታቅፋ በወርቅ ላይ ተቀምጣለች። እንደ እኛ ሥዕሎች ዓይኗ አይጎላም፤ ጠበብ ረዘም ያለ ነው፤ የጉንጯ ቀለም ስለለቀቀ ፊቷ አረንጓዴ ይላል፣ እንደታመመ ሰው። ልጇን የያዘችበት እጅ ግን ጥብቅ ነው። “አለች” አልኩ። “ፀዳለ፣ አለች! ክፈቺ ዓይንሽን!” አላፍርም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ካርላ ሰሌዳውን አቅፋ ወደ አባቷ ወሰደችው። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ የታችኛውን ጥግ ዳበሰ። ሻማ ያቃጠለው ጠባሳ አለ፤ እሱን አገኘና እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበው። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ተናገረ፤ ከፒያሳ ይዞት የሄደው የድሮ፣ የተሰባበረ አማርኛ ነው።

“እኔ አልገዛም” አለ። “እኔ ሰረቀ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቅ ነበር። ቁልፍ አለው። ወደ ጦርነት ስሄድ እኔ ፈራ። እሷ ትጠብቀኛለች ብዬ ወሰደ።”

ፀዳለ ለካርላ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት። ካርላ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ማኅደሩን ዘጋችው።

“እንግሊዝ ሲመጣ ዕቃ ይፈትሻል። ሌባ ብሎ ያስረኛል ብዬ ፈራ። አንተ ‘አባቴ አደራ ያዘ’ ትላለህ። እኔ አደራ አልሰጠም። እኔ ጣለ። ‘አደራ’ ካልኩ ገብሬ አይጠይቅም፤ አይከፍትም። ያን ቃል ስለማውቅ ነው። በኋላ ይሸጠዋል ብዬ ዐሰብኩ። ሸጠ ብዬ ሃምሳ ዓመት ተኛ።”

ከአዲስ አበባ ጀምሮ ብዙ ነገር ፈርቼ ነበር፤ ይህን ግን አልፈራሁትም፣ አላሰብኩትምና። ንዴት ከእግሬ ጣት ተነሣብኝ።

“ሙሴ” አልኩት፣ “አራት ዓመት ሲሆነኝ ጎረቤታችን ቤት እሳት ተነሥቶ ወደኛ ተሻገረ። እናቴ ወንዝ ወርዳ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ይዞ የወጣው የእርስዎን ጥቅል ነው። ሁለተኛ ተመልሶ እኔን አወጣኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ‘የሰው ዕቃ ስለሆነ ነው’ እያልኩ ልቤን ሳስታምም ኖሬያለሁ።” ክርኔን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየሁት። አጥርቶ የማያይ መሆኑን ረሳሁት።

የሽማግሌው እንባ በፊቱ ሽብሽብ መሃል መንገድ እያበጀ ወረደ። ካርላ አጠገቡ ተንበርክካ፣ በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደኛ ዞራ “ወደ መንደሩ እመልሰዋለሁ። ለቄሱ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። እናንተ በዚህ ተገላገሉ፤ ከእንግዲህ የኔ ሸክም ነው” አለችና ሥዕሉን ከጠረጴዛው ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

“ቆይ” አልኳት። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰሌዳውን ራሴ አነሣሁና ሽማግሌው ፊት ቆምኩ። “አንቺ መንደሩ መልሺው፣ መልካም ነው። አባቴ ግን የተቀበለው ከመንደሩ አይደለም፤ ከእሳቸው ነው። እርስዎ ቢጥሉት እሱ አልጣለም፣ ሙሴ። መጀመሪያ ከእጄ ይረከቡኝ፤ ተቀበልኩም ይበሉ።”

“የኔ አይደለም” አለ፤ እጆቹን ብብቱ ሥር ደበቀ። “እፈራለሁ።”

“እኔም እፈራለሁ” አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ሰሌዳውን ግን አላወረድኩም።

እትዬ ዘይነባ ጠጋ አሉ። “ሙሴ፣ ይቀበሉ እንጂ” አሉት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። “የሰው እጅ ዛለኮ።”

ከዚያ እነዚያ ትልልቅ እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ሥዕሉን ከሥር ደገፈው፤ ክብደቱ ሲያርፍበት ትከሻው ዝቅ አለ። በደከመ ዓይኑ የእኔን ፊት ፈልጎ አገኘው።

“ገብሬ” አለኝ፣ “ተቀበልኩ።”

ገብሬ አይደለሁም፣ ልጁ ነኝ ልለው ነበር። ተውኩት።